ከላጲስ በኋላ

ሬዲዮው የጎረቤት ነበር። ሁለቱን ቤቶች የሚለያቸው ስስ ሳንቃ ስለሆነ የወዲያኛው ቤት ሬዲዮ የወዲህኛውም ቤት ሬዲዮ ነው፤ ዜናውም ማስታወቂያውም እኩል ይደርሳል። የደራሲው ሚስት የዛሬ አሥራ አንድ ቀን ከሥራ ገብታ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ሽንኩርት እየከተፈች ሳለ የባሏን ድምፅ ከግድግዳው ውስጥ ሰማች። መጀመሪያ ጎረቤት ገብቶ የሚያወራ መስሏት ነበር። ቀጥሎ አንዲት ድምፀ ለስላሳ ጋዜጠኛ «እንደዚህ ዓይነት ርዕሶችን ከየት ነው የሚያመጧቸው?» ብላ ስትጠይቀው ሰማች። ባሏ ጉሮሮውን ጠረገ። ሃያ ሁለት ዓመት አብራው የኖረች ሴት ያችን የጉሮሮ ጠረጋ ታውቃታለች፤ እውነት ሲናገር ጉሮሮው አያስቸግረውም። «ማልጄ በእግሬ ስሄድ ይመጡልኛል። እኔ አልመርጣቸውም፤ እነሱ ናቸው እኔን የሚመርጡኝ» አለ። ማልዶ የሚሄደው ሰውዬ ከሁለት ሰዓት ተኩል በፊት ከአልጋ ወርዶ አያውቅም። ጎረቤቲቱ ሳንቃውን በጣቷ መታ መታ አድርጋ «ሰማሽው? ምን ዓይነት የታደልሽ ሴት ነሽ እናቴ» አለቻት። ሚስትየው ሰምቻለሁ አለች፤ ሽንኩርቷንም ከትፋ ጨረሰች። ባሏ ሲመጣ ራቱን አቀረበችለት፤ ቀኑ እንዴት ዋለ ብትለው ደህና ዋለ አላት። ሬዲዮ ጣቢያ መሄዱን አልነገራትም፣ እሷም መስማቷን አልነገረችውም። መስማቷን ያወቀው በማግስቱ ከጎረቤቲቱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደራሲው አራት ልቦለድ አሳትሟል፤ ሰው ሲያገኘው መጀመሪያ የሚያነሣለት ርዕሶቹን ነው። «ሦስተኛው ብርጭቆ»፣ «የማክሰኞ እንግዳ»፣ «ያልተመለሰ ጃንጥላ»፣ «የጎን በር»። መጻሕፍቱን ገልጠው የማያውቁ ሰዎች እንኳ ርዕሶቹን በቃላቸው ይዘዋቸዋል። አንድ ነገረኛ ሃያሲማ «የዚህ ሰው መጽሐፍ ከሽፋኑ ጀምሮ እየወረደ ይሄዳል» ብሎ ጽፎበት፣ ደራሲው ሳምንት ሙሉ እህል አልበላ ብሎት ነበር። ከአራቱ ርዕሶች አንዱንም እሱ አላወጣም። ሚስቱ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሥራዋ አንድ ነው፤ ባለጉዳይ ይዞት የመጣውን ወረቀት፣ አሥር ገጽም ይሁን መቶ፣ ከዳር እስከ ዳር አንብባ ፋይል ውስጥ ትከተዋለች፤ ከዚያም በካርቶኑ ፊት ላይ «ጉዳዩ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ምን እንደሆነ ከአምስት በማይበልጡ ቃላት ትጽፋለች። ሰው ስለተገፋ አጥሩ፣ ስለተካደ ውርሱ ሃያ ገጽ አልቅሶ ይመጣል፤ እሷ አራት ቃል ትጽፋለች፤ ሰውየው ያነበውና «አዎ፣ ይኸው ነው» ብሎ ይሄዳል። የባሏንም መጽሐፍ የምትሰይመው በዚያው መንገድ ነበር። ረቂቁ ሲያልቅ ካርቶን ፋይል ገዝታ ታስገባዋለች፤ ከሥራ መልስ ቁጭ ብላ ታነበዋለች፤ ስትጨርስ በክር ታስረውና ጥቅልል ፀጉሯ ውስጥ ሰክታ የምትውለውን እርሳስ መዝዛ ፊቱ ላይ ሁለት ሦስት ቃል ጽፋ ጠረጴዛው ላይ ታኖርለታለች። ስለዚህ ነገር ተነጋግረው አያውቁም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሁለተኛው መጽሐፍ የወጣ ሰሞን፣ «ሰው ርዕሱን ወደደው?» ብላ ጠይቃው ነበር። «ምንም አይል» አላት። ያን ዕለት «ወደደው» ብሎ ቢሆን ኖሮ ስንት ነገር በቀረ።

አምስተኛው ልቦለድ ስለ አንድ ዘበኛ ነው። ሰውየው አርባ ክፍሎች ያሉትን የኪራይ ሕንፃ ሠላሳ ዓመት ሲጠብቅ የአርባውንም ክፍል ቁልፍ ወገቡ ላይ አንጠልጥሎ ይውላል፤ እሱ ግን የሚያድረው መግቢያው ላይ በተዘረጋች የሽቦ አልጋ ነው። ደራሲው አምስት ዓመት ደክሞበታል። ረቂቁ ያለበትን ፋይል በሬዲዮው ማግስት ጠረጴዛው ላይ አገኘው። እንደ ወትሮው በክር ታስሯል፤ ፊቱ ግን ባዶ ነው። ገልብጦ አየው፣ ጀርባውም ባዶ ነው። ምናልባት ብጣሽ ወረቀት አስገብታበት እንደሆነ ብሎ ሦስት መቶ አርባውን ገጽ አንድ በአንድ ገለጠ። «አንብበሽ አልጨረስሽም እንዴ?» ቢላት «ጨርሻለሁ» አለችው። ከዚያ ወዲህ በሁለቱ መካከል የሚነገረው ጨው አልቋል፣ መብራት ጠፍቷል፣ በሩን ዝጋው የሚል ብቻ ሆነ። ኩርፊያ እንኳ አይባልም፤ ኩርፊያ ሲሆን ሰሐን ይጮኻል፣ በር ይወረወራል። እሷ ሰሐኑን በቀስታ ነበር የምታስቀምጠው።

ዛሬ ግን ቀኑ አለቀ። ሽፋኑ ማተሚያ ቤት መድረስ ያለበት ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ ካለፈ ማተሚያ ቤቱ የተማሪ መጻሕፍት ሥራ ስለሚጀምር ቀጣዩ ተራ ከስንት ወር በኋላ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። ደራሲው በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ተነሣ። ሚስቱ መስተዋት ፊት ቆማ ፀጉሯን እየጠቀለለች ነበር፤ ስትጨርስ እርሳሷን ሰካችበት። እሱ ጠረጴዛው ላይ ደብተሩን ዘረጋ። ደብተሩ ውስጥ በአሥር ቀን ያጠራቀማቸው አንድ መቶ አሥራ ሁለት ርዕሶች አሉ። እሷ እንድትሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ «የመከራ ሰንሰለት» ብሎ አነበበ። አንደኛውን ጫማዋን አደረገች። «የቁልፍ እንባ» አለ። ሌላኛውን ጫማ አደረገች። «ዘበኛውና ዕጣ ፈንታው።» ቦርሳዋን አነሣች። ፊቷን ብታጨማድድለት ይበቃው ነበር፤ ብትስቅበት ደግሞ ከወንበሩ ወርዶ እግሯን ይስም ነበር፤ ምክንያቱም ሳቋ ወዴት እንደማይሄድ ይነግረዋል፤ ወዴት እንደማይሄድ ያወቀ ሰው ደግሞ ቢያንስ መንገድ ላይ ነው። እሷ ግን «ዳቦ መደርደሪያው ላይ አለ» ብላ ወጣች። ደረጃውን ስትወርድ ኮቴዋን እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ከዚያ ደብተሩን መልሶ ቢያየው አንድ መቶ አሥራ ሁለቱም ርዕሶች የአንድ እናት ልጆች ሆነው ታዩት፤ ሁሉም ያለቅሳሉ፣ ሁሉም ይጮኻሉ፣ አንዱም ዘበኛውን አያውቀውም።

ደራሲው የአሳታሚው ቢሮ የደረሰው በሦስት ሰዓት ነው። ቢሮው ከጎማ ጥገና በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ ከታች ጎማ በተመታ ቁጥር ጠረጴዛው ላይ ያለው የሻይ ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል። ግድግዳው ሥር ያልተሸጡ መጻሕፍት በጥቅል በጥቅል ተደርድረው ወንበር ሆነዋል፤ ደራሲው ዘወትር የሚቀመጠው አንድ ባለቅኔ ላይ ነው። አሳታሚው ስለ ወረቀት ዋጋ አማረረ፤ ባለፈው ዓመት ሙሉ መጽሐፍ ያሳትም የነበረ ገንዘብ ዘንድሮ ሽፋን ብቻ ያሳትማል አለ። ከዚያ ሠዓሊው የሠራውን ሽፋን አወጣ። አንድ ግድግዳ አለ፣ ግድግዳው ላይ ምስማር አለ፣ ምስማሩ ላይ ከባድ የቁልፍ ዘለላ ተንጠልጥሏል። ሥዕሉ ጥሩ ነበር። ከላይ ያለው ሲሶው ለርዕሱ ተብሎ ባዶ ተትቷል። ደብተሩን አቀበለ። አሳታሚው መነጽሩን አጥልቆ ገጽ በገጽ አየ፤ ሰባኛው ርዕስ አካባቢ ሲደርስ ማየቱን ትቶ ደብተሩን ዘጋው፤ እንደ መሳቅ አለና ደራሲው እንዳልሳቀ ሲያይ አቆመ።

«እየቀለድክብኝ ነው አይደል?» አለው። «ወንድሜ፣ አይክፋህ፤ እኔ ያንተን መጽሐፍ የምሸጠው በርዕሱ ነው። ሰው መደብር ገብቶ ያችን ርዕስ ሲያይ እጁን ይሰዳል። ከዚያ በኋላ ያለው የእናንተ ነው፣ ያንተና የአንባቢው። ይሄንን ይዤ ብሄድ ግን እጁን የሚሰድ አይኖርም። ምን ሆነሃል? አሞሃል እንዴ?»

አላመመኝም አለ። እንቅልፍ አጥቼ ነው አለ። አፉ ጫፍ ላይ የመጣው ሌላ ነበር፤ ሚስቴ አኩርፋኝ ነው ሊል ነበር። ያን ቢል አሳታሚው ከርዕሱ ጋር ምን አገናኘው ይለዋል፤ ለዚያ ደግሞ መልሱ አንድ ብቻ ነው። ብርጭቆው ተንቀጠቀጠ፤ ከታች ሰዎቹ እየተሳሳቁ ጎማ ይደበድባሉ። ደራሲው ዓይኑን ሽፋኑ ላይ አድርጎ፣ ለራሱ እንኳ ደፍሮ የማያነሣውን ነገር አሰበ። ሃያሲው ልክ ከሆነስ? ሰው ሲያመሰግነው የኖረው ከመጽሐፉ ሁሉ እሱ ያልጻፋቸውን ሁለት ቃላት ብቻ ከሆነስ? እነዚያን ቃላት ከላዩ ላይ ቢያነሡበት የሚቀረው ምንድነው? አሳታሚው እስከ አሥር ሰዓት ስልኩ አጠገብ እንደሚቆይ፣ ከዚያ በኋላ ግን ፈጣሪ ራሱ ርዕስ ይዞ ቢመጣ እንደማይጠቅም ነግሮ ሸኘው። ማመስገኛ ገጹም እንደ ወትሮው ባዶ ነው፣ የምታመሰግነው ሰው ካለ አብረህ ንገረኝ አለው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት ከተማውን ሲዞር ዋለ ማለት ይቻላል። በመንገድ የሚታይ ጽሑፍ ሁሉ ርዕስ ይመስለው ጀመር። «ቁልፍ በአምስት ደቂቃ ይቀረጻል» የሚል ፊት ቆሞ አሰበበት፤ «ሽንት መሽናት ክልክል ነው» የሚለው ፊትም ትንሽ ቆመ። አንድ ሻይ ቤት ገብቶ ለአስተናጋጇ ታሪኩን በአጭሩ ነገራትና ምን ትይዋለሽ አላት። ልጅቷ ትሪዋን ደረቷ ላይ አቅፋ በቁም ነገር አሰበችና «ዘበኛው» አለች፤ ሂሳቡን ስትቀበልም እንደገና «ዘበኛው ይሻላል፤ እንዳይረሳ» አለችው። ከራሱ መቶ አሥራ ሁለት ርዕሶች የእሷ መሻሉን ሲረዳ እንባው መጣ። ስድስት ሰዓት አለፈ። እግሩ ሳያማክረው ወደ ሚስቱ መሥሪያ ቤት ወሰደው።

መሥሪያ ቤቷን ከረገጠ ስድስት ዓመት ይሆነዋል። መዝገብ ቤቱ ምድር ቤት ነው፤ በቀን መብራት ይበራል፤ ከመስኮቶቹ ጀርባ እስከ ጣሪያ የደረሱ የብረት መደርደሪያዎች አሉ፤ አየሩ የቆየ ወረቀትና የእርጥብ ግድግዳ ሽታ አለው። ሚስቱ አራተኛው መስኮት ላይ ናት። ፊቷ ስድስት ሰው ተሰልፏል። ደራሲው ሊያልፋቸው ሲል አንድ ሽማግሌ በከዘራቸው መንገዱን ዘግተው «ከኋላ ነው ልጄ» ስላሉት ሰባተኛ ሆኖ ቆመ። ሚስቱ ቀና ብላ አየችው፤ ከዚያ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሲጠብቅ አያት። አንዲት ሴት በፌስታል የታጨቀ ወረቀት ዘረገፈችላት፤ ምናልባት ስለ ባሏ ጡረታ ነው። ሚስቱ ሳትቸኩል አነበበች፣ አንድ ቦታ ላይ ሴትየዋን ጠየቀቻት፣ ከዚያ እርሳሷን ከፀጉሯ መዘዘች። ጉዳዩ ከሚለው ቀጥሎ ጻፈች። በዚያው ፊት፣ ከታች በቀኝ ጥግ በኩል ስሟን ከነአባቷ አሰፈረች። የመዝገብ ቤቱ ደንብ ነው፤ ጉዳዩ በስሕተት ቢሰየም ማን እንደሚጠየቅ እንዲታወቅ ፋይል የከፈተ ሰው ጥጉ ላይ ስሙን ይጽፋል። ደራሲው ቤቱ ያሉትን አራት ፋይሎች በዓይነ ኅሊናው አየ፤ የአራቱም ጥግ ባዶ ነው። ይህን እስከ ዛሬ አላስተዋለም ነበር።

ተራው ሲደርስ ጎንበስ ብሎ አፉን ወደ መስኮቱ ቀዳዳ አስጠጋ። እሷ ባለጉዳዩን ሁሉ በምታይበት ዓይን አየችው።

«ጉዳይህ?» አለችው።

ድምፁን ዝቅ አድርጎ እስከ አሥር ሰዓት ብቻ እንዳለው ነገራት። ሬዲዮውን መስማቷን እንደሚያውቅ ነገራት። ጋዜጠኛዋ ድንገት ስለጠየቀችው ነው አለ፤ አፉ ላይ የመጣውን ተናገረ እንጂ አስቦበት አልነበረም አለ። ይህኛው እውነት ስለነበር ጉሮሮው አላስቸገረውም። እሷም ይህን ሳታስተውል አልቀረችም፤ ፊቷ ትንሽ ላላ።

«ጽፌለት ነበር» አለች። «ከሬዲዮው በፊት በነበረው ቀን ነው የጨረስኩት። ቅዳሜ ልሰጥህ አስቀምጬው ነበር። ያን ሽንኩርት ከትፌ ስጨርስ በላጲስ አጠፋሁት።»

«ምን ነበር ያልሽው?»

«ጠፋ አልኩህ እኮ።»

«እሺ ምን ላድርግ? አንቺ ያልሽኝን አደርጋለሁ።»

ከኋላው የቆመውን ሰልፈኛ አሳለው።

«አንድ ሰው ፊት፣ እሷ ናት በል» አለችው። «ሬዲዮ ሂድ አልልህም፣ ጋዜጣ ላይ አውጣው አልልህም። ስምህን ላሳንስብህም አይደለም። አንድ ሰው ይስማው። ለኔ አንድ ሰው ይበቃኛል።»

ይህን ለማድረግ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ተሰማው፤ ልቡ ቀለል አለው፤ እሺ ለማለት አፉን ከፈተ። በዚያው ቅጽበት የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ከመደርደሪያዎቹ መሐል ብቅ አለ። ደግ ሰው ነው፤ ሲስቅ ሰውነቱ ሁሉ ይስቃል። ደራሲውን ሲያይ በጎን በሩ ወጥቶ መጣና በሁለት እጁ ጨበጠው፤ ሬዲዮውን እንደሰማው፣ ባለቤቱም እንደሰማችው፣ ያንን «እነሱ ይመርጡኛል» ያለውን ቤታቸው ውስጥ እየደጋገሙ እንደሚሉት ነገረው። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞር ብሎ በቀልድ «ይቺ እህታችን አብራዎት እየኖረች እንዴት ትንሽ እንኳ አልተጋባባትም? እኛ ፋይል ላይ የምትጽፍልን እንደዚያው ደረቁን ነው» አለ። ሰልፈኞቹ ሳቁ። ጉዳያቸውን ጨርሰው ከጎን ወረቀታቸውን የሚያጣጥፉት ሽማግሌ ሳይቀሩ ፈገግ አሉ። ሚስቱ አልሳቀችም፤ እርሳሷ ካርቶኑ ላይ እንደቆመ ባሏን ታየዋለች።

«እስቲ አሁን እንኳ እውነቱን ይንገሩን ጋሼ፣ ያን ሁሉ ከየት ነው የሚያመጡት?» አለ ኃላፊው።

ይኸው አንዱ ሰው፤ ራሱ መጥቶ፣ እጁን ይዞ፣ እባክህ ንገረኝ እያለው ነው። ደራሲው ሚስቱን አያት። ልናገር ብሎ ቆርጦ ነበር፤ ይህን ኋላ ላይ ለራሱ ደጋግሞ ምሎለታል። ግን የኃላፊውን ፊት አየ፤ የሰልፈኞቹን ፊት አየ፤ ያ ሁሉ አድናቆት ከፊታቸው ላይ ሲወርድ ታየው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው፣ «ታዲያ እርስዎ ምንድነው የጻፉት?» የሚለው ዓይን፣ ከወዲሁ ወጋው። ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንዲሁ... ይመጡልኛል» አለ።

ሚስቱ እርሳሷን ከካርቶኑ ላይ አነሣች። ከትከሻው በላይ አሻግራ እያየች «ቀጣይ» አለች።

ቤቱ ሲደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሩብ ይቀረዋል። ኮቱን ሳያወልቅ ፋይሉን አንሥቶ መስኮቱ ጋ ወሰደው። ጠፋ ብላዋለች፤ ግን መዝገብ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት የሠራች ሴት እርሳስን ጫን አድርጋ ነው የምትጽፈው። ካርቶኑን ወደ ብርሃኑ አጋድሞ ሲያየው እስከ ዛሬ የእጅ እድፍ የመሰለው ግራጫ ነገር የላጲስ መሆኑን ተረዳ፤ ከሥሩም ጭረት አለ። በጣቱ ዳሰሰው። መሳቢያውን በረበረና አንድ ጠቆር ያለ እርሳስ አገኘ፤ እርሳሱን ጋደም አድርጎ፣ ሳይጫን፣ ቀስ እያለ ካርቶኑ ላይ ያስኬደው ጀመር። ልጆች ሳንቲም ከወረቀት ሥር አድርገው እንደሚቀቡት። ካርቶኑ ጠቆረ፤ ጭረቱ ነጭ ሆኖ ቀረ። መጀመሪያ «አ» ወጣች። ከዚያ «ር»። እስከ መጨረሻው ቀባው።

«አርባ አንደኛው ክፍል» ይላል።

ደራሲው ቁጭ አለ። ሦስት መቶ አርባ ገጽ የጻፈው ስለ ዘበኛ፣ ስለ ቁልፍና ስለ ድህነት ነበር የመሰለው። ሕንፃው አርባ ክፍል ነው ያለው። አርባ አንደኛው፣ ያ ዘበኛ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በልቡ ሲሠራው የኖረው፣ መስኮቱ በየት በኩል እንደሚሆን፣ አልጋው ከየትኛው ግድግዳ ጋር እንደሚጠጋ ያሰበው፣ በየትኛውም ፎቅ የሌለው ክፍል ነው። ይህን እሱ እየጻፈው አላወቀውም ነበር፤ እሷ አውቃዋለች። ደስታው መጣ፤ ከደስታው ጋር ደግሞ እንዲህ ያለ ሰው አጠገቡ ቁጭ ብሎ ጨው አልቋል ብቻ እያለው መኖሩ አንገበገበው። ከዚያ ዓይኑ ወደ ታች ወረደ። ሲቀባ እጁ ሳይታወቀው እስከ ጥጉ ሄዷል። በቀኝ በኩል፣ ከታች፣ በዚያችው ጽሑፍ፣ ስሟ ከነአባቷ አለ። ሃያ ሁለት ዓመትና አምስት መጻሕፍት ወስዶባታል። ከሬዲዮው በፊት ነው፤ ተቆጥታ አይደለም፤ ማንም ሳይጠይቃት፣ ቅዳሜ ልትሰጠው አስባ፣ በጥጉ ላይ ስሟን ጽፋ አስቀምጣለት ነበር።

አሥር ሰዓት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ስልኩ ጮኸ። አሳታሚው ነው። ደራሲው ሦስቱን ቃላት ነገረው። በወዲያኛው በኩል የጎማው ድብደባ ብቻ ይሰማ ነበር፤ ከዚያ አሳታሚው ቀስ ብሎ ደገማቸው፤ ለሁለተኛ ጊዜም ደገማቸው። «አንተ ሰው፣ ምን ስትጫወትብኝ ዋልክ?» አለ። «ጠዋት ሞቼ ነበር እኮ። ይሄ ከአራቱም ይበልጣል።» ደራሲው አመሰገነ። አሳታሚው ሽፋኑን ይዞ ሊሮጥ መሆኑን፣ ግን አንድ ነገር ብቻ እንደቀረው ነገረው፤ ማመስገኛ ገጹ ባዶ ነው፣ የሚገባ ስም ካለ አሁኑኑ ይነገረው። የደራሲው ጣት ጥጉ ላይ ነበር፤ ስሟን በጣቱ እየዳሰሰው ነበር።

«የለም» አለ።

ስልኩን ካስቀመጠ በኋላ ለረዥም ጊዜ ከወንበሩ አልተነሣም። ወዲያው ደውሎ ሊያርመው ይችል ነበር፤ ሰዓቱ ገና ነው። ስትመጣ እነግራታለሁ፣ ለሁለተኛው እትም እናስገባዋለን አለ። እንደዚያ እያለ አሥር ሰዓት ሞላ። ፋይሉ ፊቱ ላይ ጥቁር ሆኖ ተኝቷል፤ ስሟ ከጥጉ ላይ ያየዋል። ካየችው ማየቴን ታውቃለች ብሎ አሰበ፤ ሳያይ ቀርቶ ነው ብትል ሐዘኗ ይቀንሳል አለ፤ ለእሷ አዝኖ መሆኑን ለራሱ አስረዳ። ከመሳቢያው ላጲስ አወጣና ጥጉን ፈተገው። ቅቡ ሲለቅ ስሟም አብሮ ለቀቀ። ከላይ ርዕሱ በጥቁሩ ላይ ነጭ ሆኖ ቀረ፤ ከታች አንዲት ገርጣ ያለች ጥግ ቀረች። ፍርፋሪውን እፍ አለው።

ሚስቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ገባች። ጫማዋን አወለቀች፣ ቦርሳዋን ምስማሩ ላይ ሰቀለች፣ እጇን ታጠበች። እጇን እያደረቀች ወደ ጠረጴዛው መጣችና ፋይሉን አየችው። አልደነገጠችም። መዝገብ ቤት የሚሠራ ሰው የጠፋ ጽሑፍ እንዴት እንደሚወጣ ያውቃል፤ ምናልባት ጠፋ ብላ ስትነግረው ይህን አስባ ይሆናል፤ ምናልባት እንዲያገኘው ፈልጋ ይሆናል። ርዕሱን ለአንድ አፍታ አየችው። ከዚያ ፋይሉን በሁለት እጇ አንሥታ ወደ መስኮቱ አጋደለችው፤ አውራ ጣቷን ጥጉ ላይ አሳለፈች። ሁለት ጊዜ በላጲስ የተፈተገ ካርቶን ይሻክራል። እሷ አንድ ጊዜ ነው ያጠፋችው።

«ሄደ?» አለችው።

«ሄደ።»

«ብቻውን?»

ደራሲው ጉሮሮውን ጠረገ። እሷ እጇን ብድግ አድርጋ አስቆመችው፤ ከዚያ በላይ መስማት አላስፈለጋትም። ፋይሉን እንደ ነበረ አስቀመጠችው። እጇን ወደ ፀጉሯ ላከችና እርሳሱን መዘዘችው፤ ጥቅልሉ ተፈትቶ ትከሻዋ ላይ ወረደ፤ ግማሹ ሸብቷል። እርሳሱን መቶ አሥራ ሁለቱ ርዕሶች ያሉበት ደብተር ላይ፣ እሱ ፊት፣ በቀስታ አስቀመጠችው።

«የሚቀጥለውን ራስህ ጻፍበት» አለችና ሽንኩርት ልትከትፍ ሄደች።

ከሳንቃው ወዲያ ጎረቤቲቱ ሬዲዮዋን ከፈተች፤ ዜና ነበር። ደራሲው እርሳሱን አነሣው። አጭር ሆኗል፤ በጥርስ የተነከሰ ጫፍ የለውም፣ ንጹሕ ነው፣ የፀጉሯ ሙቀት ገና አልለቀቀውም። ደብተሩን ገልጦ ባዶ ገጽ አገኘ። ሚስቱ ከትፋ እስክትጨርስ ድረስ እርሳሱን ወረቀቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ፤ የመጣለት ነገር አልነበረም።